የኦረስት አወዳደቅ

የተከበሩ ወይዘሮ ሉባ፣ የኦረስት ልጆች፣ በዚህ የዊኒፔግ ብርድ የቆማችሁ የጁዶ ክለባችን ሰዎች ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ጋርኔት ነኝ፤ ዓይነ ስውሩ። ተጠራጣሪነቴን ታውቃላችሁ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። ዛሬም እየዳበስኩ ነው። ምነው ብትሉ፣ የመካነ መቃብሩ በር ላይ ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። «ኦረስት ለዓይነ ስውሮቹ አዝኖ እየወደቀላቸው ነበር እንጂ፣ ከእኛ ጋር መታገል የት ይችላሉ? ከእንግዲህ የራሳቸው የልምምድ ቀን ይሰጣቸው» ተባለ። ማን ነው ያለው? ድምፅህን አውቄዋለሁ። ስም አልጠራም፤ ለቅሶ ላይ ነን።

አዝኖልን ነው? እኔም እኮ ይህንኑ ነበር የምጠረጥረው!

መጀመሪያ ክለቡ የመጣሁ ዕለት አሰልጣኛችን ኦረስት እጄን ወስዶ ኮሌታው ላይ አኖረው። የእኔንም ያዘ።

«እዚህ ተያይዘን ነው የምንጀምረው» አለኝ።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለሁሉም ነው። ከዛሬ ጀምሮ።»

ዓይናማዎቹ አጉረመረሙ። ተጋጣሚን በዓይን እየቃኙ ዞር ዞር ብሎ መግባት ሊቀርባቸው ነዋ! «ዓይናችሁን ተማምናችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ሲኒማ ቤት ሂዱ» አላቸው። ታስታውሳላችሁ? ዛሬ ከሚያለቅሱት መሃል ያኔ ያጉረመረሙ አሉ።

ያን ዕለት ጣልኩት። ደስ አለኝ? የለም፤ ጠረጠርኩ። የጁዶ ሰው ሲወድቅ እንዳይጎዳ ምንጣፉን በመዳፉ ይመታል። አውቆ የወደቀ እንደሆነ እጁ ቀድሞ ይሰማል። የኦረስት እጅ ሁልጊዜ ይቀድም ነበር። ጧ! ከዚያ ገላው።

«ወደቅክልኝ አይደል?» እለዋለሁ።

«ነገር አታብዛ፣ ኮሌታዬን ያዝ!» ይለኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ተጨቃጨቅን።

ባለፈው የበረዶ ወቅት አንድ ማክሰኞ ያዝኩት፣ ዞርኩ፣ ጣልኩት። ዱብ! እጅ የለም። ገላው ብቻ። ከዚያ በዩክሬንኛ የወረደው እርግማን፤ ወይዘሮ ሉባ፣ እዚህ አልደግመውም። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ አፌን ስከፍት ገና፣ «ዝም በል! ይቅርታ የምትለኝ ከሆነ ከክለቡ አባርርሃለሁ» አለኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ነርሷን ጠርቼ «እውነት ተሰብሯል?» አልኳት።

«ያውም ሁለት ቦታ!» አለችኝ።

የወዳጁን አጥንት ሰብሮ የሚደሰት ሰው አለ? አለ። ኮሪደር ላይ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ። የምር ጥዬው ነበራ!

አንተ የምታንሾካሹከው፣ ማክሰኞ ና። የራሳችን ቀን አንፈልግም። ና፣ ኮሌታዬን ያዝ። ካዘንክልኝ ከእጅህ እሰማሃለሁ።

ኦረስት፣ ወንድሜ። ቅድም ሳጥንህን ሲያወርዱ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠረጠርኩህ። እጅህን ጠበቅኩ። አልተሰማም።

የምር ነው የወደቅከው። ደህና ሁን።