ባለ ነጥቧ ሃያ ፔንስ

ነይ ግሌኒስዬ፣ እዚህ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጪ። ዝናቡ አበሰበሰሽ አይደል? በጋ ገብቶም ኮት አላወለቅን። ሻይሽን ያዢ። ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል... ዛሬ እጄ እንዲህ ነው።

ለሳንቲም ማኅበራችን አዲስ ነሽና ገና ብዙ ሰው አታውቂም። ሰው ማወቅስ ምን ያደርጋል? ይቺን መጽሐፍ አየሻት? ዛሬ ልናጸድቃት ነው የተሰበሰብነው። የቱ ሳንቲም ብርቅ፣ የቱ ተራ እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት። የጻፏት... ተይው፣ ስም አልጠራም። ትልቅ ሰው ናቸው። እዚያ ጠረጴዛው ራስጌ የተቀመጡትን ማለቴ አይደለም፤ አንቺ ደግሞ! ዞረሽ አትዪ።

ገጽ አሥራ ሁለትን ግለጪ። ባለ ነጥቧ ሃያ ፔንስ። ንግሥቲቱ አንገት ላይ ነጥብ አለች፤ ማተሚያው ተጎድቶ ነው ይላሉ። ባሌ ሲሪል አሥራ አንድ ዓመት ፈልጎ ስንት ያገኘ ይመስልሻል? ሁለት! ከስድስት ከተማ የሳንቲም ከረጢት በአውቶቡስ እየተሸከመ፣ ያየውን ደግሞ እንዳይደገምበት ሌላ ከተማ ወስዶ እየመለሰ። ሞኝ እኮ ነው። "ብርቅ ናት" ብሎ ደብተሩን ይዞ መጣ። ትልቁ ሰው ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ሲሪል፣ ዓይንህ ደክሟል" አሉት፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ታዲያ ምን ይበሉ? እሳቸው ሠላሳ አንድ አግኝተዋላ! ያውም ቤታቸው ሥር ካለው ፖስታ ቤት። የታደለ ሰው አውቶቡስ ምን ያደርግለታል?

ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ማን ነበር የተቀመጠው? እኔው ነኛ። ሐሙስ ሐሙስ በወረቀት ገንዘብ መንዝረው አምስት ከረጢት ይወስዳሉ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሳንቲም። ቅዳሜ ጠዋት ይመልሳሉ። ጨዋነታቸውን ብታይ! ብርቋን እንኳ አያስቀሩም። "እኔ ቆጣሪ እንጂ ሰብሳቢ አይደለሁም" ብለው መልሰው ይከቷታል። እኔም ከረጢቶቹን መሳቢያዬ ውስጥ አኖራለሁ። ሐሙስ ሲመጡ... እንግዲህ ያለውን ነው የምሰጠው፤ ከየት ላምጣ? በመንደራችን ያን ያህል ሃያ ፔንስ የሚፈልግ ሌላ ማን አለ?

በየሐሙሱ አንድ፣ ሳታዛንፍ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእሳቸው ሳንቲም ግን በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። አንዴ ልነግራቸው ብዬ ነበር። "ዶሪን፣ የቁጥርን ነገር ለተማረ ተዪው" አሉኝ። ተውኩላቸው... የተማረ ይከበራል እኮ።

ፎቶዎቹንማ እዪ። ሠላሳ አንዱም እዚሁ አሉ፤ ሠላሳ አንዱም ንግሥቲቱ አፍንጫ ላይ ተጭረዋል። እንዴት ያለ መመሳሰል ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አንዷ ሎሚ ሃምሳ የምትሆንለት ሰው ግን አላየሁም ነበር።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ጆሮዬ ደክሞ ነው። ዓይን ብቻ አይደለም የሚደክመው።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የራሴን ሃያ ፔንስ ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ባለ ነጥቧን ይዣት ወጣሁ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ እሳቸውም አንዲት አላገኙ። ገጽ አሥራ ሦስት ላይ ምን ጻፉ መሰለሽ? "ተራ ነበረች፤ ስግብግብ ሰብሳቢዎች ጨረሷት።" አየሽ፣ ስግብግቧ እኔ ነኝ! መዋኛ ቤት ሳንቲም በሚበላው ሣጥን ልብሴን የምቆልፈው በእሷ ነው፤ ስከፍተው ይመልስልኛል።

ሲሪል? ቤት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ደጅ አልረገጠም። ደብተሩን የወጥ ቤት ጠረጴዛችን እግር ሥር ሸጉጦታል። እግሩ አጥሮ አይደለም እኮ፤ ሊያየው ስላልፈለገ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የለፋበትን... ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ግሌኒስዬ። በመጽሐፏ ውስጥ ስሙ የለም፤ አንድ መስመር እንኳ።

ይኸው ትልቁ ሰው ብድግ አሉ፤ መጽሐፏን እንድናጸድቅ "እጅ አውጡ" ሊሉን ነው። እስቲ ቶሎ በዪ፣ ይቺን የኬክ ሳህን ወደ ራስጌ አሳልፊልኝ። አዎ፣ ሳንቲሟ ከነነጥቧ ከነጭረቷ እላዩ ላይ ትሁን። ማስተዋወቅ አያሻሽም፤ ሠላሳ አንዴ ተገናኝተዋል።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ለእኒያ ትልቅ ሰው። በመጨረሻውም ቀን፣ በጎ ሥራቸውን የሚቆጥረው መልአክ እሳቸው ሳንቲም እንደቆጠሩት አድርጎ ይቁጠርላቸው... አንዷን ሠላሳ አንዴ። አለዚያማ ምን ይዘው ይቀርባሉ? አሜን በዪ እንጂ።