አያ ታከለን የገጠምሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ እናንተ ልጆች፣ ቴኳንዶ እንዲህ እንዳሁኑ በየሰፈሩ አልነበረም፤ ጎንደር ላይ አንዲት አዳራሽ ነበረች፣ ጣራዋ የምታፈስ፣ ምንጣፏ ከጆንያ የተሰፋ፣ እና እኔ የቁስቋሙ መሪጌታ ልጅ፣ ዜማ ስማር ያደግሁ ዲያቆን፣ እዚያ ገብቼ እግር ሳነሣ እውላለሁ። ምን ላድርግ፣ ወደድሁት! ብትስቁም ሳቁ።

ታዲያ አባቴ ሰማ። «እርግጫ?» አለ፣ እንዲህ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ «እርግጫ የአህያ ሥራ አይደለም ወይ? እኔ አህያ ነው ያሳደግሁ?» ኧረ አባዬ ብዬ ብለምን፣ ብለምን፣ «በል እንግዲህ፣ ውድድር ያልኸው ቀን መጥቼ አያለሁ፤ ነውር ያየሁ እንደሆነ ግን ያን ነጭ የእርግጫ ልብስ ዳግም አትለብሳትም» አለኝ። አባቴ ደግሞ አለ ካለ አለ ነው። እና ስሙኝማ፣ እኔ ፈሪ ነበርሁ። ሰው ፊት ቆሜ ስሜን መናገር የሚያቅተኝ ሰው ነበርሁ፤ እግሬም አፌም የሚፈታልኝ እዚያች አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። ከእሷ ቢያስቀረኝ ምን እሆን እንደነበር እንጃ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ፣ ከየወረዳው ተጫዋች መጣ፣ እጣ ወጣ፤ እና ለእኔ ማን ደረሰኝ? አያ ታከለ! አያ ታከለ የእንፍራንዝ ሰው ነው፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ አርባ ሊሞላው የተቃረበ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት። ክብደታችን ግን እኩል ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴስ? አባቴ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ፣ ነጠላውን አጣፍቶ መቋሚያውን ይዞ ተቀምጧል። እንግዲህ ፍረዱኝ! በቤታችን ታላቅ ሰው ፊት ቀና አይባልም፣ ዓይን ዓይኑን አይታይም፤ እንኳን እግር ሊነሣበት።

ዳኛው «እጅ ተነሣሡ» አለ። አያ ታከለ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ፤ እኔ ጎንብሼ ቀረሁ። ዳኛው «ጀምሩ!» ብሏል፣ እኔ ገና «እንደምን ዋሉ አያ ታከለ? ቤተሰብ ደኅና? ከብቱ፣ ሰብሉ ደኅና?» እያልሁ ነው። ጧ! ደረቴ ላይ። ቂጤ መሬት ነካ፣ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እና ተነሥቼ ደግሞ ዓይኔን ሰበር አድርጌ የገዛ እግሬን ጣቶች እያየሁ ቆምሁ። ጧ! «ይቅርታ» እላለሁ እኔ። ተመትቼ ይቅርታ የምጠይቅ እኔ ነኝ እኮ! ጧ!

ዙሩ አልቆ ውሃ ልጠጣ ስል አያ ታከለ ከአሰልጣኜ ቀድሞ መጣ፣ ፊቱ ተቆጥቷል።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ናቅኸኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! አክብሬዎት ነው እንጂ አያ!»

«ይኼ ነው አክብሮት? ከእንፍራንዝ ድረስ ጭነት ማኪና ላይ ቆሜ የመጣሁ ልትሰግድልኝ ነው? በችሮታ የሰጠኸኝን ድል ምን ብዬ ለልጆቼ ላውራው? ያከበርኸኝ እንደሆነ ዓይን ዓይኔን እያየህ ምታኝ!»

ምታኝ አለኝ! ታዲያ ትእዛዝ ነው፤ ታላቅ ሲያዝ እምቢ አይባልም።

እና ሁለተኛው ዙር ተጀመረ፣ ወደ አባቴ ማየት አልደፈርሁም፤ ብቻ ቀና አልሁ። የአያ ታከለን ዓይን አየሁ። ምን ያየሁ ይመስላችኋል? እሱም ፈርቷል! ያን ያህል ሰውዬ ፈርቷል! እስከዚያች ቀን የምፈራ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያማ ገጠምነው። ሊመታኝ ሲያስብ ዓይኑ ይነግረኛል፣ እሸሻለሁ፣ ሲስት እከተለዋለሁ፤ አንዱን በግራ እግሬ ደረቱ ላይ ባሳርፍለት «ሸጋ!» ብሎ ጮኸ። የተመታው እሱ፣ ሸጋ የሚለው እሱ! መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ አሸነፈኝ፤ አሸንፎኝ ሲያበቃ እጄን ይዞ ከእጁ ጋር ወደ ላይ አነሣት።

አሁን እንግዲህ አባቴ ዘንድ መሄድ አለ። ልብሴን ቀየርሁ፣ ነጩን አጥፌ ክንዴ ላይ አድርጌ ሄድሁ፣ ላስረክበው።

«ነውር አየሁ» አለኝ።

«አውቃለሁ አባዬ። ታላቅ ሰው መታሁ።»

«እሱን ማን አለህ? ሰው ከእንፍራንዝ ድረስ መጥቶልህ ፊት ነሣኸው። መሬት መሬት ታያለህ።» መቋሚያውን አግዳሚው ላይ አስደገፈ። «ያን ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። አንገት መድፋት ትሕትና መስሎኝ ልጄን ፈሪ አድርጌ አሳደግሁት።»

እና በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እኔም አለቀስሁ፣ አልደብቃችሁም፤ አባቴ ጥፋት ሲያምን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ልብሱን ልሰጠው ብዘረጋ መልሶ ገፋብኝ፤ «እጠበው፣ ይሸታል፤ ለሚመጣው ውድድር እንዲህ ሆነህ እንዳትቀርብ» አለኝ።

ኋላ ብዙ አሸንፌያለሁ፣ ሜዳሊያም አለኝ። ሰው ያደረገኝ ግን ያ የተሸነፍሁበት ቀን ነው። ይኸው ቢሮ ብገባ፣ ገበያ ብወጣ፣ የሰው ዓይን እያየሁ የልቤን እናገራለሁ።

ምን ያስቅሻል አንቺ? ይኸው ባለቤቴ ትስቃለች።

«ምን ላድርግ፣ ልጆች? አምስት ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ አንድ ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ያ ውድድር ባለፈ በሳምንቱ፣ መንገድ ላይ አገኘኝና ዓይን ዓይኔን እያየ ‹እንደምን ዋልሽ› አይለኝም! ያን ዕለትስ መሬት መሬት ያየሁ እኔ ነበርሁ!»