«ደኅና አይደለሁም» ያሉት የወይዘሮ ደብሪቱ ነጋሳ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከጌዶ፣ ከአዲስ ዓለምና ከአምቦ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታላቅ ወንድማቸው ጉታ ነጋሳ ነኝ። አጻጻፉን የሚያውቅ፣ ድምፁም የሚሰማ የዕድር ጸሐፊ እያለ እኔ የተነሣሁት እኅቴ ራሳቸው ባለፈው ክረምት በአልጋቸው ላይ ሆነው ስላዘዙኝ ነው። በየለቅሶው ቆመው የሰሙት አንድ አባባል ነበር፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው። «እሱ በእኔ ላይ እንዳይነበብ፤ እኔ አልተረዳሁም፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ የሆነውን ተናገር» ብለውኛልና፣ ረዘመ፣ መረረም የምትሉ ብትኖሩ ታገሡኝ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከአባታቸው ከኦቦ ነጋሳ ባይሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንግዳወርቅ ገብረአማኑኤል በጌዶ አካባቢ በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን አማርኛ የሚሰሙት ለገበያ ያህል፣ እናታችንም አፋን ኦሮሞ የገባቸው ከወለዱ በኋላ ስለ ነበረ፣ የሁለቱ ዘመዶች በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሱት ገና ጥርሳቸውን ያልቀየሩት ደብሪቱ ነበሩ። አጎቶቻችን በነገር ሲነካኩ እንኳ ደብሪቱ ነገሩን አለዝበው ማሳለፍ አያውቁበትም ነበርና፣ አንድ ጊዜ የአክስታችንን ሠርግ ሊያፈርሱ ምንም ያህል ሳይቀራቸው እናታችን በቁንጥጫ ሊመልሷቸው ሞክረው ነበር። ቁንጥጫው ግን አልሠራም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጌዶ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ አጠናቀው፣ በ1971 ዓ.ም. በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው ማወቃቸው ስለ ታየም ብዙ ሳይቆዩ አስተርጓሚ ሆኑ። ያን ጊዜ ችሎቱ በአማርኛ ነበርና ማሳው የተገፋበት ገበሬ ሁሉ በእሳቸው አንደበት አቤት ይል ነበር፤ በኋላ መንግሥት ተለውጦ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ነጋዴ በተራው የእሳቸውን አንደበት ተዋሰ። አንድ ባለጉዳይ በንዴት ዳኛውን ቢሰድብ ስድቡን ሳይቀር እንደ ተረጎሙለት፣ «ምነው እቱ፣ ብታልፊው?» ሲባሉም «የማልሁት ሳልጨምር ሳልቀንስ ብዬ ነው» እንዳሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬም እየሳቁ ያወራሉ።

በ1974 ዓ.ም. በነቀምቴ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ተሬፋ ቶኩማ ጋር ጋብቻ መሥርተው ለሊሳን፣ ለንሳንና መቲን አፈሩ። የመጨረሻዋ መቲ በ1985 ዓ.ም. ስትወለድ አምስት ኪሎ የሞላች ሕፃን ስለ ነበረች፣ አዋላጇ ሳይቀሩ «ይቺስ ጥርስ አብቅላ ነው የመጣችው» ብለው ስቀው፣ ጎረቤቱም እልል ብሎ ለአራሷ መጠየቂያ ማርና ስኳር ተሸክሞ ጎረፈ። ሕፃን እንዲህ መክበዱ ለእናቲቱ ማስጠንቀቂያ ሊሆን እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም፤ እናታችን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እግራቸው ቆስሎ አልድን ብሎ ያረፉት በስኳር በሽታ መሆኑን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በችሎት መካከል ጉሮሯቸው እየደረቀ፣ ውሃ በላይ በላዩ እየጠጡ፣ ለሽንትም ደጋግመው እየወጡ ተቸገሩ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። የአንገታቸው ኋላ ጠቁሮ ወፈር ቢል ሴቶቹ «እድፍ ነው» ብለው በሎሚ አሹላቸው። ለጥሙም በአምቦ ሰው ዘንድ ምክር አይጠፋምና «ጨጓራ ነው፣ የአምቦ ውሃ ጠጪበት» ተባሉ። እሳቸው ግን የእናታቸው መጨረሻ ከዓይናቸው አልጠፋ ብሎ ወደ ሐኪም ሄዱ።

እዚህ ላይ የሁላችንን ነገር ልናገር። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ቢላቸው፣ በአደባባይ የሰው ስድብ ሳይቀንሱ የሚተረጉሙት ሴት ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ እንደ አስተዳደጋቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አሉት። በአፋን ኦሮሞ ቢጠይቃቸውም ያንኑ «ፈያ ዳ፣ ገለተ ዋቃ» ይሉት ነበር፤ የእኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ሲጠይቁት አመስግኖ ነው የሚጀምረው። ከምስጋናው በኋላ የሚመጣውን ቃል ሐኪሙ አልጠበቀም፤ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጎ የጨጓራ ኪኒን አዘዘና ተረኛ አስጠራ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ደግሞም ሐኪሙን አንተ እያልሁ ማንበቤ የአንደበት ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ አንቱታዬን ለሚገባው ሰው ቆጥቤ ነው።

ኪኒኑ አልቆ ጥሙ አልለቅ ሲላቸው፣ ወይዘሮ ደብሪቱ በራሳቸው ተናደዱ። ለሌላው ሰው ያልቀነሱትን ቃል ከራሳቸው ላይ መቀነሳቸው አንገበገባቸውና፣ ዳግመኛ ሲገቡ «እንዴት ነዎት?» ለሚለው «ደኅና አይደለሁም» ብለው መለሱ። ነርሷ እንደ ስድብ ቆጥራው ቀና ብላ እንዳየቻቸው ነግረውኛል። ስለ ጥሙ፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ አንገታቸው፣ ስለ ከባዷ ሕፃንና ስለ እናታቸው አሟሞት ተናግረው ደማቸው ለስኳር እንዲመረመር ጠየቁ፤ ሐኪሙ «እርስዎ ቀጭን ነዎት፣ ስኳር የወፍራም ሀብታም በሽታ ነው» ቢልም አልነሣም ስላሉት አስመረመራቸው። ውጤቱ ከጤነኛ ሰው በላይ፣ ከስኳር በሽታ በታች ሆነ። «ድንበሩ ላይ ነው፣ አላለፈም፤ ሲያልፍ ይመጣሉ» አላቸው። እኅቴም «የኔ ወንድም፣ እኔ እኮ የድንበር ክርክር ስተረጉም ነው የምውለው፤ ገበሬ ድንበሩ ሲነካ ይጮኻል እንጂ ጎረቤቱ ማሳውን አርሶ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ እስከዚያ ምን ልብላ፣ ምን ልተው፣ መቼስ ልመለስ?» ብለው ጠየቁት። የሰጣቸው መልስ «አይጨነቁ፣ የእርስዎ በሽታ ጭንቀት ነው» የሚል ነበር።

እንደገና ሄዱ፤ ደጋግመውም ሄዱ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ በሰው ፊት «ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ቢላቸው፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ሐኪሙ አንተ ነህ፣ ሕመሙ ግን የእኔ ነው» አሉት። ነገሩ ከተማ ለከተማ ተወራ። ሐኪሙ በየክርስትናው የሚጠራ፣ በየለቅሶው የሚደርስ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈልገው ሰው ነበርና፣ «አዴ ደብሪቱ ዶክተሩን አዋረዱት» ተብሎ እንደ ትልቅ ጠብ ተቆጠረ። ስለ ደማቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ ታማሚዋ ሄዱ፤ «ልጃችን፣ ሐኪም ተቀይመሽ ነገ ልጅሽ ቢታመም ማን ያይልሻል? የተማረ ሰው አይዋረድም፣ ይቅርታ በይው» ብለው ለመኑ፤ አቶ ተሬፋም በመንገድ ላይ የሚውሉ፣ ቤታቸውን ለከተማው አደራ ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩና «እሺ በይ» አሏቸው። እኔ ያን ጊዜ ጌዶ ነበርሁ፤ የሰማሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እርቁ በራሳቸው ቤት ሆነ፤ ለእርቁ ማሠሪያ ብርዝ ተበጥብጦ ቀረበና፣ ስኳር ደጃቸው ላይ የቆመባቸው ሴት ያንን የማር ውሃ ከሐኪሙ ጋር ብርሌ አጋጭተው እንዲጠጡ ተደረገ። ወይ ጉድ! ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ደማቸው ቢጠይቁ እርቅ አፍራሽ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ቂመኛ ሊባሉ ሆነና፣ ይሉኝታ አፋቸውን ያዘው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በሽታው በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀስ እያለ ሥራውን ሠራ።

በ1999 ዓ.ም. የእግራቸው ጣት በጫማ ተላልጦ ቁስሉ አልደርቅ ሲል፣ እናታቸውን አስታወሱና ከባለቤታቸው በቀር ማንንም ሳያማክሩ በእሳቸው መኪና አዲስ አበባ ሄደው ተመረመሩ። ስኳሩ ድንበሩን ካለፈ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ዓይናቸውንና ኩላሊታቸውንም ነካክቶ ነበር። ያዩዋቸው ሐኪም «ያን ጊዜ ምግብዎን አስተካክለው፣ በእግርዎ እየሄዱ፣ በየጊዜው ቢመረመሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ወይም ሊዘገይ ይችል ነበር» አሏቸው። እኅቴ በሕይወታቸው ብዙ ፍርድ ተርጉመዋል፤ ይህኛው ግን የራሳቸው ነበረና እመንገድ ላይ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ እንዳለቀሱ አቶ ተሬፋ ነግረውኛል።

አምቦ በገቡ ማግስት አስታራቂዎቹን ቤታቸው ጠርተው፣ አስቀምጠው፣ «ያስታረቃችሁኝ ከሐኪሙ ጋር መስሏችኋል፤ ያስታረቃችሁኝ ከበሽታው ጋር ነው፤ ዛሬ እርቁን አፍርሻለሁ» አሏቸው። ከዚያም ወደ ሐኪሙ ሄደው ተራቸውን ጠብቀው ገቡና፣ የተናገሩትንም የተመለሰላቸውንም፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘሩለት። «ያን ጊዜ በእርግጥ ድንበር ላይ ነበሩ፤ አልተሳሳትሁም» አላቸው። ይኸው ነው መልሱ። ሐኪሙ ዛሬ በዚህ መካከል ቆሟል፤ መምጣቱም ባህላችን ነውና አልከለከልሁትም፤ ስሙን እንዳልጠራ አዝዘውኛልና አልጠራሁም።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት በማይውሉበት ቀን ሁሉ በሕክምና ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ ከገጠር የመጡትን ሴቶች በሁለቱም ቋንቋ ይመክሩ ነበር። «ምስጋናሽን ለእግዚአብሔር ቤትሽ አድርሺ፤ እዚህ ስትገቢ በሕመምሽ ጀምሪ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሏቸዋል፤ የምታፍረውንም እጇን ይዘው አብረው ይገቡና ቃሏን እንደ ወጣ ይተረጉሙላታል። ዘበኛ ያስወጣቸው ቀን ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ይመክሩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ከሥራ ሲሰናበቱም በክራንች ወደዚያው ወንበር ይመላለሱ ነበር።

ልጃቸው ለንሳ በ2005 ዓ.ም. ልክ እንደ መቲ የከበደ ወንድ ልጅ ብትገላገል፣ ጎረቤቱ እልል ሲል እሳቸው ብቻ አለቀሱ። ክርስትናው እንዳለፈ በክራንቻቸው እየተራመዱ ልጃቸውን ወደ ሕክምና ይዘው ሄደው ደሟን አስመረመሩ። ውጤቷ ድንበሩ ላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ የነበረች አንዲት ወጣት ሐኪም ምግቧን፣ እንቅስቃሴዋንና የምትመለስበትን ቀን እስክትነግራት ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር። እኔንም ከጌዶ አስጠርተው አስመርምረውኛል።

ኩላሊታቸው ሥራውን እያቆመ ሄዶ፣ ዓይናቸውም ጨልሞ፣ በአልጋ ላይ ከቆዩ በኋላ በጥር ወር 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤት ለጥየቃ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ፣ ደብሪቱ?» ቢላቸው፣ እስትንፋሳቸው እየተቆራረጠ «ደኅና አይደለሁም» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ባለቤታቸውን አቶ ተሬፋ ቶኩማን፣ ልጆቻቸውን ለሊሳን፣ ለንሳንና መቲን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ለንሳ በደሟ ድንበሩ ላይ የቆመች፣ እስከ ዛሬ ግን ያላለፈች ናት፤ እናቷ የተዉላት ርስት ይህ ነው። እንግዲህ ድንኳን ስትገቡ «እንዴት ነሽ?» ትሏታላችሁ፤ እሷም እንደ ወጉ እግዚአብሔር ይመስገን ብትላችሁ፣ ወጉን ተቀብላችሁ እንዳትሄዱ። ደግማችሁ ጠይቋት፤ ያለችውንም ሳትቀንሱ ስሟት።

እግዚአብሔር አምላክ የእኅታችንን ነፍስ፣ እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቆ መልሷን እስከ መጨረሻው በሚሰማበት በእሱ ዘንድ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። ለዚያ ብርዝ አስታራቂዎች ግን መጽናናቱን ጥቂት ያዘግይባቸው።