ጋሼ ቆይን ያልጠየቅኋቸው ጥያቄ

ወንበር የምትጎትቱ ቶሎ ጎትታችሁ ጨርሱ፤ ድፍረቴ ሳይከዳኝ በዚህ በጋሼ ቆይ የጡረታ ሽኝት ላይ መናገር አለብኝ።

ጋሼ ቆይ እዚህ ሆስፒታል ሥራ የጀመሩ ቀን የሆነውን የነገሩን ሲስተር ናቸው፤ ያውና ከአሁኑ እየሳቁ ነው። ጥበቃው ታካሚ መስለውት "ተራ ይያዙ!" ብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ቁጭ! ሲስተር ደንግጠው "ዶክተር፣ ምነው ዝም አሉ?" ቢሏቸው፣ "ቆይ፣ እኚህ ሰው እግራቸው ከመቼ ጀምሮ እንዳበጠ ገና እየነገሩኝ ነው" አሉ። ስማቸው የዚያኑ ቀን ወጣ።

ከዚያ ወዲህ "ቆይ!" የማይሉበት ነገር የለም። መድኃኒት ልጻፍ? ቆይ! ምሳ እንውጣ? ቆይ! ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው "ማዳመጫዬ የታለ?" እያሉ ክፍሉን ሲያተራምሱ ስንት ጊዜ አይተናል! ግን በቀዝቃዛ ማዳመጫ የታካሚ ደረት ነክተው አያውቁም፤ መጀመሪያ መዳፋቸው ውስጥ ያሞቁታል።

ሶፍትዌሩ የመጣ ጊዜ "ጋሼ በሩን ይዘጉበታል" ብለን ነበር። የታካሚውን ምልክት ስናስገባለት ሊሆን የሚችለውን በሽታ በቅደም ተከተል የሚደረድረውን፣ "አማካሪው" የምንለውን ማለቴ ነው። እሳቸው ሆዬ ዋና ደጋፊው ሆነው አረፉት! አንድ ደንብ ብቻ አወጡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የራሱን ግምት ጮክ ብሎ ይናገራል፣ አማካሪው ከዚያ በኋላ ይከፈታል። "ሁለት ሐኪም ነው የምፈልገው፤ አንድ ሐኪምና አንድ የገደል ማሚቶ ምን ይረባኛል?" ይሉን ነበር።

አንዲት እናት ድካም ድካም ይለኛል ብለው መጡ። ጋሼ "ደም ማነስ ነው" አሉ፤ አማካሪው "ታይሮይድ" አለ። ሲመረመሩ ልክ እሱ ሆኖ ተገኘ። ሁላችንም ባለንበት "እናቴ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ይሄ በለጠኝ" አሏቸው። እኛ ስለ እሳቸው አፈርን እንጂ እሳቸው አላፈሩም።

እኛ ግን መበለጥን ፈራን። አማካሪውን ተደብቀን አስቀድመን እየከፈትን፣ ያየነውን "ግምቴ" እያልን መናገር ጀመርን። አትሽኮርመሙ፤ ዛሬ ብቻዬን አላፍርም! አለቆቻችንም ግምታችን ሁሉ ልክ ሆነ ብለው አጨበጨቡልን። ጋሼ ብቻ "ቆይ፣ ከአማካሪው ጋር አንድም ቀን አትጣሉም እንዴ?" ብለውን አለፉ።

ባለፈው ወር ራሳቸው ታመው እኔ ክፍል ገቡ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል" ብለው ደረታቸውን አሳዩኝ። ያሉትን ብቻ አማካሪው ላይ በስውር አስገብቼ መልሱን አየሁና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ግምቴ የጨጓራ አሲድ ነው" አልኩ።

"ግምትሽ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"መነጽርሽ ላይ አነበብኩት።"

ለካ ስክሪኑ መነጽሬ ላይ እያበራ ነው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ደረጃ ስወጣ ይብስብኛል፣ ስቆም ይተወኛል። አልጠየቅሽኝም። አንቺ ያልጠየቅሽውን እሱ ከየት ያመጣዋል?" አሉኝ። ያሉትን ጨመርኩ። ታች የነበረው የልብ ሕመም አንደኛ ላይ ወጣ።

የተዘጋው የልባቸው ደም ሥር በዚያው ሰሞን ተከፈተ። ጋሼ ሐኪም ባይሆኑስ ኖሮ? የአሲድ መድኃኒት አስይዤ ወደ ቤታቸው እሸኛቸው ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ጋሼ፣ ሕይወትዎን ሊያሳጣዎ የነበረውን ጥፋቴን ለማንም አልነገሩብኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ትዕግሥትዎ፣ ሳያዋርዱን ስላስተማሩን አመሰግንዎታለሁ። ከእንግዲህ ግምቴን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ስበለጥም እንደዚያው ጮክ ብዬ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔ ግን ሳልጠጣ ወጣ። ጋሼ፣ ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጆችዎ "ቆይ!" እያሉ ያስቸግሩዎት።

ቆይ! ማንም እንዳይጠጣ። ጋሼ፣ አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ ደረትዎን አመመዎ?

ሰማችሁ? "አላመመኝም። እንኳን ጠየቅሽኝ" አሉ።

አሁን እንጠጣ።