ረቡዕ የተጻፈው ሹመት

ትዝታዬ ካልከዳኝ፣ ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በምንጓዝበት ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው የአንድ ሩቅ አገር ምክትል ፕሬዚዳንት መሞቱን ተናገረ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ገበሬዎች ነገሩን ተቀባበሉት።

«አሁን ማን ይተካዋል?»

«ፕሬዚዳንቱ ያጫል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። እኔንም የቀበሌው ሊቀ መንበር እንዲሁ ምክትሉ አድርጎኛል፣ በሐሰን ቦታ።»

«አላህ ይዘንለት። ታዲያ ፊትህ ለምን ጠቆረ? ሹመት ያስከፋል?»

«ደብዳቤው የተጻፈው ረቡዕ ነው።»

«ይሁና።»

«ሐሰን የሞተው ሐሙስ ነው። ረቡዕማ አብረን ስናርም ዋልን።»

«ኢናሊላሂ። ቀን ተሳስተው ይሆናል።»

«ከሚሴ የምሄደው ይህንኑ ልጠይቅ ነው።»

«እንግዲያ ባንተ ቦታ የተጻፈው እኔ አለመሆኔንም አብረህ ጠይቅልኝ።»

ከሚሴ ቀጠሮ ቢኖረኝም፣ ሳንደርስ ጨፋ ሮቢት ላይ ወረድሁ።