ባለ አንድ ዓይኑ ወታደር

ባለፈው ዓርብ ስልኬን ላሠራ፣ እዚህ ዓረብ አገር መንፉሐ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ወደሚገኘው የናቲ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ጎራ ብል፣ አክስቱን ወይዘሮ እናናዬን ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ሱለይማኒያ በሚባል ሌላ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ የሚወጡ ሴት ናቸው።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት፤ ይምከሩልኝ!» አሉኝ። «የዚህ ልጅ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያልቅ ነው። አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ሥራውን ከወደደለት ቀጥሮ ያሳድስለታል። ካልወደደው ኸላስ፣ አለቀ፤ ተርሒል እስር ቤት ገብቶ ወደ አገር መባረር ነው። ሠርቶ ዛሬ የሚልከው ጨዋታ ደግሞ ይኸውልዎ!»

ኮምፒውተሩ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመሰሉ፣ ዓይናቸው የጎላ ሰዎች ይራመዳሉ።

«ይህን ማን ይወድለታል? የአሠሪዬ የማዳም ልጆች የሚጫወቱት የጃፓኑን ባለ ጎራዴ ጨዋታ ነው። እንደዚያ አድርገህ ሥራ ብለው እምቢ አለኝ። በሰው አገር የሚያኖረው ራስን ደበቅ ማድረግ ነው።»

ከዚህ ሰፈር ስንቱ ተጭኖ እንደተባረረ አይቻለሁና ፍርሃታቸው ወደ እኔም ተጋባ። ሱቁን ዘግተን እንሽሽ ቢሉኝ ኖሮ እሺ ሳልል አልቀርም ነበር።

ናቲ ግን በትሕትና፣ «አክስቴ፣ በጃፓኖቹ ጨዋታስ የሰዎቹ ዓይን ትልልቅ አይደል? ማን ሳቀባቸው? ጎራዴውንም ልብሱንም ያወጡት ከታሪካቸው ነው። እኔ የእነሱን ብቀዳ፣ ሰው ዋናው እያለ ቅጂውን ምን ሊያደርግ ይወስዳል?» አለ።

«እሺ፣ ይህ ወታደር ምነው አንድ ዓይን ብቻ?»

«ሠዓሊዎቻችን ደጉን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን አይደል የሚስሉት? በእኔም ጨዋታ ክፉው የሚያየው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በማያይበት በኩል ሹልክ ማለት ነው። እስቲ ይሞክሩት።»

ወይዘሮ እናናዬ በአንድ ጣታቸው እየጫኑ ደጋግመው ተያዙ። በኋላ ግን «ያላ፣ እለፊ! እለፊ!» እያሉ አመለጡ፤ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«የማዳም ልጆች ጃፓንን ረግጠዋት አያውቁም፤ የጎራዴውን ስም ሳይቀር ግን ያውቃሉ። እኔ አዝዬ አሳድጌያቸው፣ ስለ አገሬ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ለእነሱ ኢትዮጵያ ማለት ኸዳማ፣ የቤት ሠራተኛ ናት።»

ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ሕዝብ ታሪኩንና ጥበቡን በጨዋታ ሲያቀርብ ባዕዱ በፍቅር ያውቀዋል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም በመልካቸው አያፍሩም። ሠሪውም ሌላው የሌለው ነገር ስላለው ይፈለጋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ላከው» አሉ።

ናቲ አሁን ገና ፈራ፤ እጁን ከመላኪያው ቁልፍ ላይ አነሣ። «ባይወዱትና ወደ አገር ቢመልሱኝስ?»

«ኢንሻአላህ አይመልሱህም፤ ቢመልሱህም በራስህ ሥራ ይመልሱህ» አሉና ቁልፉን እሳቸው ተጫኑት።