ብርድ ነው የተባለው ሳል

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ከሮቤ ወደ ዲንሾ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት መስኮት ከፈተች። የባሌን የጥር ጠዋት የሚያውቅ ሰው ምን እንደተከተለ አይጠፋውም፤ መኪናው ሙሉ ተንጫጫ። ሃያ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩት እኔ ራሴ፣ «ኧረ ዝጊው፣ ልትገድይን ነው!» አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከፊታችን ተቀምጠው የሚያስሉት ሽማግሌ፣ በኋላ እንደተዋወቅነው፣ ኦቦ ኡመር ይባላሉ፤ ገብስ አራሽ ናቸው። ሳላቸው ጋብ ሲልላቸው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ብርድ መትቶኛል፤ እባክሽ ዝጊው» አሏት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ የከፈትኩት ስለ ሳልዎ ነው» አለች። ኢህሳን ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። «ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከመኸር በፊት ነው። ያኔ መድኃኒት ሰጡኝ። ሁለት ወር ዋጥኩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳሉም ለቀቀኝ፣ እህልም በላሁ። የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ተውኩት። ሰሞኑን ግን ብርዱ መለሰብኝ።»

«ስድስት ወር በየቀኑ ይዋጣል የተባለው ነው?»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። «እሱ ነው» አሉ ዝቅ ብለው። የበሽታውን ስም ሊጠሩት አልፈለጉም።

እሷም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ወር ላይ ሳሉ ይተዋል እንጂ በሽታው አይወጣም። የተረፈው ተሐዋሲ መድኃኒቱን ሊለምድና ሲመለስ አልበገር ሊል ይችላል። ሲያስሉ ከትንፋሽዎ ጋር ይወጣል፤ ቤቱ ከተዘጋ አየሩ ላይ ይቆያል፤ መስኮት ከተከፈተ ግን ነፋስ ይበትነዋል።»

«የኛን ቤት መስኮትማ አምና ልጄ አብዲ ሲያስለው በጭቃ መረግሁት። የዲንሾን ውርጭ አታውቂም እንዴ!»

«አብዲ አሁን ደህና ነው?»

«ሞተ። ብርዱ ጨረሰው።»

«አላህ ይዘንለት። ስንት ወር አሳለው?»

«አምስት።»

«አክታው ደም ነበረው?»

«ነበረው።»

«ማን አስታመመው?»

«እኔ ነኛ! ከጎኑ የተኛሁት እኔ...» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ያልተማሩ ይሁኑ እንጂ ሞኝ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ ሲገባቸው በዓይኔ አየሁ።

«አሁንስ ከእርስዎ ጋር የሚተኛ አለ?»

«መርዋ፣ የአብዲ ልጅ። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጋቢዬ ውስጥ ነው የማስተኛት። ወላሂ እንዳይበርዳት ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ አባባ። አልረፈደም። ትመርመር፤ ከሌለባት መከላከያ ይሰጣታል፣ ካለባትም ትታከማለች። እርስዎም ተመርምረው እንደገና ይጀምራሉ። መድኃኒቱ በነፃ ነው።»

«ሰው ምን ይላል? መርዋንስ ነገ ማን ያገባታል?»

«ለማግባት መጀመሪያ ማደግ አለባት!» አለች ኢህሳን ቱግ ብላ። ወዲያው ደነገጠችና አፏን ያዘች።

ኦቦ ኡመር ግን አልተቆጡም። ስልካቸውን አውጥተው ለአብዲ ሚስት ለጁሀራ ደወሉ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ከተሳፋሪው ያልሰማ፣ ያልገባው አልነበረም።

«ጁሀራ፣ መርዋን ይዘሽ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ነይ... የለም፣ ብርድ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ ነው ያለብኝ። አብዲንም የገደለው እሱ ይመስለኛል።»

ከተሳፋሪው አንድም ሰው አልሸሻቸውም። ጤና ጣቢያው ጋ ስንደርስ እኔም አብሬያቸው ወረድኩ።

መርዋ በሽታው አልተገኘባትም፤ መከላከያዋን ጨርሳ አሁን ግቢውን በሩጫ ታምሰዋለች። የእሳቸውም በሽታ መድኃኒቱን ገና አልለመደም ነበርና፣ ከሀ ጀምረው ስድስት ወሩን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ዋጡ፤ ዘንድሮ ገብሳቸውን ራሳቸው አጨዱ። ወገኔ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል ብርድ ነው ብለህ አትለፈው፤ ተመርመር፣ የጀመርከውን መድኃኒት ጨርስ፣ ቤትህን አናፍስ፣ የታመመውንም አታግልል።

በቀደም ልጠይቃቸው ሄጄ ደጃፍ ተቀምጠን መርዋ ስትጫወት እያየን ነበር። ኦቦ ኡመር ድንገት፣ «አብዲንም እንዲህ ጤና ጣቢያ በወሰድኩት ኖሮ» አሉኝ።